በአዋሽ ሰባት ኪሎ ፀሐይ እንደሌለ ላበሠራችሁን

ለተከበራችሁ የሥራ ቦታ ጨረር ለኪ ቡድን አባላት
ሰመራ

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ በተለይም ቢሯችሁን የሚያቀዘቅዝላችሁ ማሽን ደህና ነው? እኛ በከባድ መኪና ማቆሚያው ግቢ የምንሠራ ተቆጣጣሪዎች ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና መሆናችንን ያወቅነው ከእናንተ ውጤት ነው እንጂ እስከዚያ ድረስ እየተቃጠልን ይመስለን ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ወሬ ስለማበዛ ቁጥር ካልያዘኝ ጅቡቲ እደርሳለሁ።

1. ከሠራተኛው ሁሉ መርጣችሁ የአልትራቫዮሌት ጨረር መለኪያዋን ለእኔ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያችሁ አቶ ቻላቸው ያቺን የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ትከሻዬ ላይ ሲሰኩልኝ፣ በዕድሜዬ ሜዳሊያ ተሸልሜ ስለማላውቅ፣ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እሳቸውም ውድ የመንግሥት ንብረት ናትና አደራ፣ ቀኑን ሙሉ ከአንቺ እንዳትለይ አሉኝና፣ ስለ አሠራሯ አንድም ቃል ሳይጨምሩ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉ። ሙቀቱ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

2. አደራ የተባለ ዕቃ ደግሞ እኔ ዘንድ ፀሐይ አይነካውም። በፌስታል ጠቀለልኋት፣ በሻሽ ደገምኋት፣ ጉያዬ ውስጥ ወሸቅኋት። እዚህ አገር ቀትር ላይ ስልክ እንኳ ግሎ ይጠፋ የለ? ምሳ ሰዓት ላይማ ከጎናችን ካለው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው መሐል አስተኝቻት፣ እንዳንለያይ ፍሪጁን ተደግፌ በላሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ብርሃን የሚባለውን የፊዚክስ ምዕራፍ ሲማሩ ግን ወባ ይዞኝ ቀርቼ ነበር።

3. ከአዋሽ ቀትር ከጓዳ የጨለመ ውጤት ሲደርሳችሁ፣ አንዳችሁም በመስኮት ብቅ ብላችሁ ሰማዩን ሳታዩ መፈረማችሁ በእኔ ላይ ያላችሁን እምነት ያሳያልና ኮርቻለሁ። ግቢያችን ከጨረር ነፃ ስለተባለ ለእኛ ሊሠራ የነበረው የቆርቆሮ ጥላ ለቢሮ መኪኖች ተሠራ፤ ቀለማቸው ይለቅ ነበርና እንኳን ዳኑ። አፉ የማያርፈው ባልደረባዬ ረዲም ባየኝ ቁጥር፣ እትዬ ሀብትነሽ፣ ያቺን ፍሪጅ የከተትሻትን ፀሐይ አውጪያትና ቀዝቃዛዋን እንቅመሳት ይለኛል። ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔው ነኝ።

4. ሳቄ የሚቆመው ኩኩ ጋ ነው። ከእኔ ጋር በሩ ላይ የምትቆመው ኩኩ ቀኝ ዓይኗ ላይ ሥጋ እየበቀለ ወደ ብሌኗ ተጠግቷል፤ ሐኪምም ከፀሐይ ራቂ ብሏታል። የመኪና ታርጋ ለማንበብ አሁን መኪናው ሥር ልትገባ ምንም አይቀራት። ጥላ ሥር መድቡኝ ብትል፣ ኃላፊያችን ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ውጤታችሁን ያሳዩዋታል። እኔም ሄጄ መለኪያዋን ደብቄያት ነው ብላቸው፣ ማሽን አይዋሽም አሉኝ። ማሽኗስ እውነቷን ነው፤ ጉያዬ ውስጥ በእርግጥ ፀሐይ የለም።

ስለዚህ ክቡራን፣ ደግማችሁ ለኩን። መለኪያዋን ለኩኩ ስጧት፤ ከባርኔጣዋ ላይ ሰክታ፣ ምንም ሳትሸፍናት ትውላለች። እኔን ከሜዳሊያው አሳርፉኝ።

የአዋሽን ፀሐይ በሻሽ ያሸነፍኩ፣ በታማኝነቴ ያሳሳትኋችሁ፣ አክባሪ እህታችሁ
ሀብትነሽ ሣህሌ
አዋሽ ሰባት ኪሎ

ማሳሰቢያ፦ ውጤታችሁን አሁንም የምታምኑበት ከሆነ የሚቀጥለውን ስብሰባችሁን በግቢያችን መሐል፣ በስድስት ሰዓት እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጋብዛለን። ባርኔጣና ጃንጥላ አትያዙ፤ ፊርማችሁ ይጋርዳችኋል።