የመዋኛው ቤትና የማን ክንድ

ጥር 12
ቢሮ ዋልኩ። የአንድ ጤና ጣቢያ አጥር ስስል… አሰልቺ። ከሰዓት ወንድሜ ሀቢቡላህ ከዱባይ ደወለ። ግቢያችን ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት ነው፣ መዋኛ ገንዳ ያለው። ከገንዳው ጎን ለልብስ መቀየሪያና ለማረፊያ አንድ ቤት ይሠራል፤ ንድፉ የኔ። በመካነ ሰላም ብርድ ማን ሊዋኝ ነው? በረሃ ኖሮ አገሩን ረስቷል። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከአጥር ሌላ የሳልኩት መቼ ነበር?

ጥር 15
ደስታዬ ላይ ውሃ ቸለሰበት። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ጋር ካልሄደ፣ አሮጌውን በሲሚንቶ ለስነን መስታወት እናለብሰዋለን ይላል። የአያቴን፣ የሸህ ሙሄን የድንጋይ ቤት። አባዬን ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። አሠሪው እሱ ነው አሉ። ተወልደው ያደጉበት ቤት ነው። 
እንግዲህ ንድፌ ካልሰመረ ቤቱ አለቀለት።

ጥር 23
ሦስተኛ ንድፍ። ያው ድንጋይ፣ ያው ጣሪያ፣ ያው መስኮት። ግን የተዋሰውን ኮት የለበሰ ሰው ይመስላል። ምን ጎደለው?

ጥር 24
ቤቱን ሳይ ዋልኩ። ምንም።

የካቲት 2
አሮጌውን ቤት በሜትር ለካሁት። የበሩ ስፋት 88 ሳንቲም፣ ቁመቱ 176፣ መስኮቱ 66። በር 88 አድርጎ የሚሠራ ማን ነው? ድንጋይ ሲያነባብር የሸበተውን ግንበኛ፣ ጋሽ ያለውን፣ ጠርቼ አሳየሁት። ሳቀብኝ። "የድሮ ሰው ሜትር ምን ያደርግለታል? በባለቤቱ ክንድ ገመድ ይለካል፣ ቤቱ በዚያ ይወጣል" አለኝ።
አካፈልኩት። ሁሉም በ44 ይሄዳል። በሩ ሁለት ክንድ፣ መስኮቱ ክንድ ተኩል… ይሄን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም።

የካቲት 3
ግን ሸህ ሙሄ ግዙፍ ሰው ነበሩ ይባላል። የአባዬን ክንድ ለካሁ፤ እየሳቁ ሰጡኝ። 51። ታዲያ 44 የማን ነው?

የካቲት 5
ወግዲ ደርሼ መጣሁ። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ኑርጃን፣ ቤቱ ሲሠራ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሸህ ሙሄ ያኔ ለቂርአት፣ ለዲን ትምህርት፣ ሩቅ አገር ሄደው ነበር አሉኝ። ግንበኛው የባለቤቱን ክንድ ሲጠይቅ ሴት አያቴ እጃቸውን ዘረጉለት። የሴት ክንድ ያጥራል ብሎ አመነታ።
"እናቴ ምን አለችው መሰለሽ? ቤቱ ውስጥ የምውለው እኔ ነኝ።"
ሸሁ ሲመለሱስ? አልሁ።
"ጎንበስ ብለው ገቡ። አልሀምዱሊላህ አሉ።"
እኛ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን የሸህ ሙሄ ቤት ስንል… አፈርኩ።

የካቲት 11
በ44 እንደገና ሳልኩት። ሄደ! ሁለቱ ቤቶች ተዋወቁ። ለሀቢቡላህ ላክሁለት።

የካቲት 14
ደውሎ በሩ አጠረ፣ እንግዳዬ ሊጎነብስ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። አክስቴ የነገሩኝን ነገርኩት። ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። 
"አሮጌውን ማንም እንዳይነካው" አለ።
አባዬ ሲሰሙ ወጥተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት።

መጋቢት 4
መሠረት ተጣለ። ጋሽ ያለው ገመዱን ይዞ የባለቤቱን ክንድ ስጡኝ አለ። 44 ሳንቲም ነው አልኩት። ሳንቲም አላውቅም፣ ክንድ ስጡኝ አለ። ሀቢቡላህ ዱባይ ነው። ምን ይደረግ?
አባዬ ወደኔ ዞሩ። "አርዋ፣ እጅሽን ዘርጊ።"
የሰው ክንድ ስለካ ከርሜ የራሴን አልለካሁም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ዘረጋሁ። 45 ሆነ። ከአያቴ በአንድ ሳንቲም በለጠ። ንድፉ ሊዛነፍብኝ ነው ብዬ እጄን ልሰበስብ ስል አባዬ ያዙኝ።
"ይብለጥ" አሉ። ለጋሽ ያለው ገመዱን ራሳቸው ያዙለት።