የመረቡ ነገር

ቶተንሃም፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ እንዴት ነው? እትዬ የሻረግስ፣ ልጆቹስ? ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ የዝዋይ ውሃ እስከ ሸንበቆው ድረስ መጥቷል ሲሉኝ እኔም እዚህ ሆኜ ደስ አለኝ። እኔ፣ ራኬብና እናቷ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። አውቶቡሴንም እነዳለሁ፤ የጠዋት ሺፍት ስለሰጡኝ ከሰዓት በኋላው የራሴ ሆኗል።

የዛሬው ወሬዬ ግን ሌላ ነው። ማኅበር ገብቻለሁ። ማኅበር ስልዎ ጠላና ዳቦ ያለው እንዳይመስልዎ፤ ይሄኛው ባሕሩን የሚጠብቁ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነው። ያስገባኝ ሌዊ የሚባል፣ ከአንድ ጋራዥ አብረን የምንነዳ የጃማይካ ልጅ ነው። ሐይቅ ዳር ማደጌን ስነግረው "ታዲያ ለንደን መሀል ምን ትሠራለህ?" ብሎ በሳምንቱ ቅዳሜ በመኪናው ወደ ኤሴክስ ዳርቻ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ የሚሠራውን ቢያዩ ይስቃሉ። ግማሽ ቀን ብርድ ላይ ቆመው ያጠመዱትን ዓሣ ይለኩታል፣ ታግ የሚሉትን ቁጥር ያለው ምልክት ያደርጉለታል፣ መልሰው ይለቁታል! እኔም አንድ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ታግ አድርጌ ለቅቄ ነበር፤ ከወራት በኋላ አንድ የሆላንድ ሰው "ያዝኩት" ብሎ ለማኅበሩ ጻፈ። ያለ ፓስፖርት የተሻገረ ዘመድ ያለኝ መሰለኝ። ራኬብ "ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ሳትበላው ለቀቅከው?" ብላ ተሳለቀችብኝ። አሁን ግን እሷም አትቀርም። ሰው ጥሎት የሄደውን የማጥመጃ ክርና መንጠቆ እንለቅማለን። በመጋቢትም ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን የባሕር ሣር ዘርተናል፤ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ይሆናል አሉን። ባሕር ይታረሳል ብሎ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

መስከረም መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ በሚሉ አሮጌ ምሰሶዎች ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ ትልቅ መረብ ተጠምጥሞ አገኘን። የተጣለ መረብ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ማጥመዱን አይተውም፤ ዓሣውም ሸርጣኑም ውስጡ በስብሷል። ከመሀሉ፣ የዝዋይን ጥቁር የውሃ ወፎች የሚመስል አንድ ወፍ አንገቱ ታንቆ ተይዟል፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም። ውሃው እየተመለሰ ነበር። ሰዎቹ ቋጠሮ በቋጠሮ ሊፈቱለት ሲታገሉ ቁርጭምጭሚታችን ላይ የነበረው ባሕር ጉልበታችን ደረሰ። ኃላፊያችን ሴትዮ፣ ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ "ትተነው እንውጣ" አለች።

ቢላዋውን ከሌዊ እጅ ነጠቅኩ። እሱ ወፉን በጃኬቱ ጠቅልሎ ያዘልኝ። እኔ ቋጠሮውን ተውኩትና የላይኛውን ገመድ ፈልጌ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። መረቡ በአንዴ ተዘረገፈ። ወፉ አውራ ጣቴን ነክሶኝ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ተንገዳግዶ በረረ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ፤ ራኬብ እንኳ ሰው ፊት አቀፈችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌዊ መሪውን እንደያዘ "መረብ እንዲህ መቁረጥ የት ተማርክ?" አለኝ። "አገሬ፣ ከወንድሜ" አልኩት። ዋሸሁት። እርስዎ ያስተማሩኝ መስፋት ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት ያስታውሱታል። አባባ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በእርስዎ ትከሻ ላይ ነበር። "ከገና በኋላ ትምህርቱን ተወውና ታንኳው ላይ እርዳኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩም" አሉኝ። እውነትዎን ነበር። ኅዳር ጽዮን ዕለት ሁላችሁም ለንግሥ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ስትሻገሩ እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ስትመለሱ፣ ዳርቻው ላይ የተሰጣው አዲሱ መረብ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ጠበቃችሁ።

በዚያው ሳምንት ከጋሽ ባዩ ጋር በመረብ መጣያ ቦታ ተጣልታችሁ ስለነበር ሌላ ሰው አልጠረጠሩም። ልጅዎን ክርስትና ያነሱት አበልጅዎ ጋሽ ባዩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ማሉ፤ አላመኗቸውም። እኔ አጠገብዎ ቆሜ እሰማ ነበር። መረብ ከሌለ ታንኳው ረዳት አላስፈለገውም። እርስዎ የቀን ሥራ ገቡ፣ እኔን ናዝሬት አክስታችን ዘንድ ላኩኝ፣ ተማርኩ። እንጀራዬም፣ ትዳሬም፣ ራኬብም ከዚያ ቀን የመጡ ናቸው። እናንተ ሁለታችሁ ግን ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ መንደር እየኖራችሁ ሰላምታ አትለዋወጡም።

ጋሽ ባዩ የእርስዎን መረብ በእጃቸው አልነኩም። እንዴት እንደማውቅ አይጠይቁኝ። ወይም ይጠይቁኝ፤ ከእንግዲህ አልዋሽም።

ለጥምቀት ፈቃድ ወስጄ ቲኬት ይዣለሁ። ስመጣ የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ፤ ቢቆጡኝም፣ ደጅ ቢያስቆሙኝም ያምርብዎታል። የሚገርመው፣ ይህን ስጽፍልዎ ፍርሃት አልያዘኝም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተኝቼ፣ ራኬብ እስክትቀሰቅሰኝ ድረስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የጋሽ ባዩ ዐይን ደክሞ ማንበብ እንደተሳናቸው እትዬ የሻረግ ነግረውኛል። ይህን ደብዳቤ እንዲያነቡላቸው ለልጆቹ አይስጡት፤ ይዘው ይሂዱና እርስዎ ራስዎ ያንብቡላቸው። በስልክ ያልነገርኩዎ ለዚህ ነው።

የእመቤታችን ጥላ አይለይዎ። የሐይቁን ዓሣ ያብዛልዎ። ሁለታችሁን በአንድ ደጃፍ ተቀምጣችሁ ለማየት ያብቃኝ።

ልጅ አድርገው ያሳደጉኝ
ታናሽ ወንድምዎ