ማስጠንቀቂያ እንዳይታይ ላዘዙት ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ራጉናንዳን ሄባር
የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ፋብሪካችን የቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ቤንጋሉሩ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም እንደ ወትሮው በሃያ ሁለት ዲግሪ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ቻሩላታ ናዲግ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ሣጥን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም ራስት በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከሚጽፉት አራት ሠራተኞችዎ አንዷ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ማስታወሻዎች፣ ዕረፍትዎን እንዳይነኩ ታስቦ ይመስላል፣ ሳይከፈቱ ስለተመለሱልኝ ነው።

አንደኛ፣ ኮድ ለሚጽፍልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት አርባ አንድ ገጽ መመሪያ በገዛ እጅዎ ስላዘጋጁለት እናመሰግናለን። ለመጨረሻ ጊዜ ኮድ ከጻፉ ሃያ ዓመት ላለፋቸው ሰው ቀላል ድካም አይደለም። በተለይ «በስክሪን ላይ አንድም ማስጠንቀቂያ አይታይ፤ ረዳቱም ሠራተኛን በጥያቄ አያሰልች» ያሉት አንቀጽ በትጋት ተፈጽሟል። «የሙቀት መለኪያው መልስ ባይሰጥ ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ረዳቱ ጉድለቱን በማስተካከል ፈንታ ደበቀው፤ መለኪያው ዝም ሲል የመጨረሻው ቁጥር እንዲደገም አድርጎም ጻፈ። ስክሪናችን ንጹሕ ሆነ። ለንጽሕናውም ኬክ አስቆረሱልን።

ሁለተኛ፣ «ማሽን አያምኑም» ብለው ጡረታ እንዲወጡ የመከሯቸውን የፍተሻ ክፍል ሠራተኛ፣ ወይዘሮ ካማክሺን፣ ምክርዎን ባለመስማታቸው ይቅር እንዲሏቸው እለምናለሁ። ስድሳ ሣጥኖች ለሁባሊ ከተማ ሆስፒታል ሊጫኑ ሲሉ ጠሩኝ።

«ቻሩ፣ እስቲ እጅሽን እዚህ አስገቢ።»

«ሠላሳ ስድስት ተኩል ነው የሚለው እኮ፣ እትዬ ካማክሺ።»

«እሱ ይበል። እኔ አምስት ልጅ አጥቤ አሳድጌያለሁ፤ ይሄ ውኃ ቢሆን ልጅ አልነክርበትም።»

በሌላ ቴርሞሜትር ስንለካ አርባ አንድ ሆነ። የመለኪያው ገመድ ተነቅሎ ኖሯል፤ ስክሪኑ የቆየ ቁጥር ሲደግም ማሞቂያው ማሞቁን አላቆመም። ወዲያው ሄጄ ጭነቱን አስቆምኩ።

ሦስተኛ፣ ጭነቱን አራት ቀን በማዘግየቴ ለላኩልኝ የተግሣጽ ደብዳቤ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በአራቱ ቀን መመሪያዎን አንስተን በስድስት መስመር ተካነው፤ ማስጠንቀቂያ አትደብቅ፣ የማታውቀውን አትገምት፣ መለኪያ ዝም ካለ ማሞቂያውን አጥፍተህ ደወል አሰማ የሚሉት ይገኙበታል። ረዳቱ መመሪያው በተቀየረበት ጠዋት ሌሎች ሰባት ስሕተቶችን አውጥቶ አሳየን፤ ጥያቄም ጠየቀን። ሰነፍ አልነበረም፤ የታዘዘውን ሲሠራ ነበር። ሣጥኖቹ ተስተካክለው ማክሰኞ ሁባሊ ገብተዋል።

ትእዛዝዎን በማፍረሷ እንቅልፍ የተመለሰላት፣
አክባሪዎ ቻሩላታ ናዲግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ ረዳቱ እንዲያረቅልኝ ጠይቄው ነበር። «ዳይሬክተሩ ስለ ጉዳዩ ያውቁ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መመለስ ስላቃተኝ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።