አርባ ብሎ ነበር

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4
ከልጄ ከናኦሚ ጋር የአደን ዕቃ መደብር ሄድን። ለደጋኔ ርቀት መለኪያ ልገዛ። ሻጩ እኔን ትቶ ለእሷ ያስረዳል... አዳኙ ማን ሆነና? ተናድጄ ትንሹን አነሳሁ።

"ኖ ዳዲ፣ ይሄ ከዛፍ ላይ ሹት ስታደርግ ራይት ቁጥር አይሰጥም። ያኛው አንግሉን ካልኩሌት ያደርጋል።"

ልጅ አዘዘኝ። ያኛውን ወሰድኩ።

መኪና ውስጥ ከፍቼ አየሁት። በያርድ ይለካል። ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ያርድ ዛሬም አይገባኝም። ቁልፉን ተጭኜ ወደ ሜትር ቀየርኩት። ተገላገልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
መለማመጃው ሜዳ ዋልኩ። እዚያ ርቀቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ መለኪያው አላስፈለገኝም። ናኦሚ የደጋኑን ማነጣጠሪያ ለሃያ፣ ለሠላሳ፣ ለአርባ አስተካክላልኛለች። አንድም አልሳትኩ።

መኳንንት መለኪያውን "እስቲ ልየው" ብሎ ወሰደው። ኤርፖርት አብረን ሻንጣ እንጭናለን፣ አብረን እናድናለን። እንዴት እምቢ እላለሁ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17
መለሰው። ዘጠኝ ቀን! መስታወቱ ላይ የጣቱ አሻራ... ዋጥ አደረግኩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18
ከናኦሚና ከመኳንንት ጋር አደን ወጣን። አንዲት አጋዘን ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ለካሁ። አርባ አለ። የአርባውን ነጥብ ደረቷ ላይ አድርጌ ለቀቅኩ። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ሆዷ ላይ ተሰካ። ይዛው ሮጠች። ሦስታችን ደሟን ተከትለን እስኪመሽ ፈለግን። የለችም። እንስሳ አቁስሎ ጥሎ መምጣት... ምን ዓይነት ነውር ነው?

መኳንንት ላይ ጮህኩበት።

"ጥለኸው ነው! አበላሽተህ ነው የመለስክልኝ!"

"ማርያምን አልወደቀም፣ ወንድሜ።"

"ውሸታም!" አልኩት። በልጄ ፊት። መኪናው ውስጥ ገባ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19
መኳንንት ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ደግ አደረገ። ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20
ናኦሚ መለኪያውን ስትነካካ ቆይታ፣ "ዳዲ፣ ይሄ እኮ ሜትር ላይ ነው። እኔ ደጋኑን በያርድ ነው ሴት ያደረግኩት" አለችኝ። አርባ ሜትር ወደ አርባ አራት ያርድ ነው። ለዚህ ነው ቀስቱ ዝቅ ያለው።

"ማን ነው ቼንጅ ያደረገው?"

መኳንንት ልል አፌን ከፈትኩ... መኪናው ውስጥ። የመለኪያው ቁልፍ። እኔ!

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። አፌ ቁርጥ ይበል። ደወልኩለት። አያነሳም። አምስቴ ደወልኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25
መኳንንት ሥራ ላይ ፈረቃውን ቀይሮ ሸሽቶኝ ሰነበተ። ዛሬ ሜስኪት ከተማ፣ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በሩን ከፈተ፣ ግባ ግን አላለኝም።

"እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሜትር ላይ ነበር" አልኩት።

ወደ ውስጥ ገባ። ቀስቴን ይዞ ወጣ። ታጥቧል።

"እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ሞታ አገኘኋት።"

"እሑድ? ብቻህን?"

"ቆስላ እዚያ እያለች እንዴት ልቀመጥ?"

በሩን ዘጋው።

እኔ ቅዳሴ ቆሜ በልቤ ስሰድበው፣ እሱ የእኔን አጋዘን ሲፈልግ ውሏል። ራሴን በጥፊ ማለት ነው ያማረኝ። ቀስቱን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ምን ልበለው? ይቅርታ እንኳን ሳልለው...

የሰደብኩት በልጄ ፊት ነው። ነገ ናኦሚን ይዤ እመለሳለሁ። በእሷ ፊት እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ካልከፈተም በሩ ላይ እንቆማለን።