ወለጋ ላሉ ሰዎች የተሰጠ መድኃኒት

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። ከቀኑ 6 ሰ.

ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ወባ፣ ወባ፣ ሳምባ ምች፣ ወባ። ክንዴ ዝሏል። ጓድ ተሾመ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሳለ ፔኒሲሊኑን ራሱ በጥብጦ በጠርሙስ ያቀብለኛል። እጅሽ ይረፍ ይለኛል። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ቆቦ አጠገብ ወዳለችው ወደዚች ክሊኒክ ስመጣ፣ የኪራይ ቤት የፈለገልኝም እሱ ነው።

የወ/ሮ ዘይነባ ልጅ (ከሮቢት፣ ሁለት ዓመቷ) የአራተኛ ቀን መርፌዋን ወሰደች። ትንፋሿ አሁንም እንደ ወናፍ። እናትየው «ሲስተር፣ ይኼ ነገር ውኃ ነው እንዴ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሐኪሟ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? አልኳት። አንገቷን ደፋች።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ።

ልጅቷ ሞተች። ጠዋት፣ ወረፋ ላይ እንዳሉ። እናቷ ኢና ሊላሂ ብላ ጠቀለለቻትና አዘለቻት። እንደ ደህና ልጅ አዝላት ሄደች። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

9 ሰ. ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ያዝኩት። የተበጠበጠ ፔኒሲሊን ወተት ነው የሚመስለው። ይኼ አጓት ነው። በውስጡ አሻግሬ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አነበብኩ።

ስንቱን ሰው በዚህ ወጋሁ?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ።

ተሾመ ለስብሰባ ቆቦ ሄዷል። የመድኃኒት ወጪ መዝገቡን ገለጥኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ መድኃኒት ወጥቷል ይላል። ከጎኑ ሰናይት የሚል ፊርማዬ። የእኔ አይደለም! አስመስሎታል እንጂ የእኔ «ሰ» ጅራት የላትም።

ግማሹን ሰው አክሜው አላውቅም። አንዱን ስም ግን አወቅሁት፤ ይማም አሊ። ያከራየችኝ የእትዬ ከዲጃ ወንድም ነው። አምና፣ በድርቁ፣ ለሰፈራ ወለጋ የተወሰደ። በመዝገቡ ግን ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከእኔ እጅ ተወግቷል።

11 ሰ. ለማጣራት ብዬ እትዬ ከዲጃን፣ ይማም መጥቶ ያውቃል? ብዬ ጠየቅኋት። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። «አየሽው? ወላሂ በይኝ! የት አየሽው ልጄ? ከስቷል?» ስም ተመሳስሎብኝ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ደጅ ወጥታ መንገዱን እያየች ቆመች። አሁንም ቆማለች።

ተሾመን የተጸየፍኩት ይኼን ጊዜ ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ።

ጎብዬ ገበያ ወረድኩ። ከእህል ተራው ጀርባ አንድ ሰውዬ ጓዳ ውስጥ መርፌ ይወጋል። የታመምኩ መስዬ ገባሁ። ብልቃጦቹ የእኛ ናቸው። የክሊኒኩ ማኅተም በምላጭ ተፍቋል፤ ግን ግማሹ ይነበባል። ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም። ትክክለኛው መድኃኒት። ገንዘብ ረሳሁ ብዬ ሳልወጋ ወጣሁ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ።

ለተሾመ ፊት ለፊት ነገርኩት። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ሻዩን እየጠጣ፣ «ሲስተር፣ ፊርማው የማን ነው?» አለኝ። የሄዱ ሰዎች ስም ቢጻፍ ማንን ይጎዳል? ይላል። ልጅቷስ? አልኩት። «ቆላ ነው። ልጅ ይሞታል።» በዚሁ አፉ ዓርብ ዓርብ በውይይት ክበብ ስለ ጭቁን ሕዝብ ያነባል። እኔም አጨብጭቤለታለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ወደ አቶ ጌታሁን ገባሁ። በሩን ዘግቶ ሰማኝ። ወደ በላይ አካል የሄደው የመድኃኒት ሪፖርት የእሱ ማኅተም አለበት። ትንሽ ታገሺ፣ ስማችን ይጠፋል አለ። ስማችን! ቱ!

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ።

ጠረጴዛዬን ከግራሩ ሥር አወጣሁ። የታሸገውን ብልቃጥ ለበሽተኛው አሳያለሁ፤ እዚያው እከፍታለሁ፤ እዚያው እበጠብጣለሁ። ባዶውን በድንጋይ እሰብራለሁ፣ ተመልሶ እንዳይሞላ። ከስሙ ጎን ባለቤቱ ራሱ አውራ ጣቱን ያትማል። ተሾመ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንዲት አሮጊት ብልቃጡን በእጄ ካልያዝኩ አልወጋም አሉ። ያዙት። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ። ይኼን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ጥቅምት 17፣ እሑድ።

የቀበሌ ስብሰባ። ስለ ጤና ልናገር ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና መዝገቡን ይዤ ወጣሁ። ስም ብቻ ጠራሁ። ቤተ ዘመድ መለሰ። «ወለጋ ነው።» «ወለጋ ናት።» «እሱማ መንገድ ላይ ሞተ፤ ማን ወጋው?» ይማም አሊ ስል እትዬ ከዲጃ «ወለጋ» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ተሾመ ተነስቶ መፈክር አሰማ። እጁን ያነሳ ሰው የለም። አብዮት ጥበቃዎች ይዘውት ወጡ። የመድኃኒት ክፍሉ ሁለት ቁልፍ ተደረገለት፤ አንዱ ቀበሌ፣ አንዱ እኔ ጋ። ብቻችንን የማንከፍተው።

ሰው አመሰገነኝ። ደስታ ግን የለኝም። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ። 10 ሰ.

ጠዋት አቶ ጌታሁን ጠራኝ። የሮቢቷን ልጅ ነገር አታንሺ ይለኛል። ነገሩ እልባት አግኝቷል፤ ለእናትየው መንገር ሐዘን መቀስቀስ ነው። ግማሽ ቀን አመንኩት። ያመንኩት ስለሚመቸኝ ነው። ከእነሱ በምን ተሻልኩ?

ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። ነገ ፈቃድ አልጠይቅም። በመጀመሪያው መኪና ሮቢት እወርዳለሁ። ወ/ሮ ዘይነባ፣ እውነትሽን ነበር፣ ውኃ ነበር፣ የወጋኋትም የተቆጣሁሽም እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅር በይኝ አልልም። እሱን የመጠየቅ መብት የለኝም። ብቻ ቁጭ ብዬ እሷ የምትለኝን ሁሉ እሰማለሁ።