በስድስት ሺህ ኪሎ አየር ምክንያት ከቤቷ ስለታገደችው እናቴ

ይድረስ ለተከበሩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ሳንባዎ እንደ ልቡ አየር እንዲስብ፣ ትንፋሽዎም ማንም ሳይመዝነው እንዲገባና እንዲወጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር በያጅ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከተኛች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ሐኪሟ በደቂቃ ሁለት ሊትር ኦክስጅን ቤቷ ካገኘች መውጣት ትችላለች ብለው ከጻፉ ደግሞ ሃያ ቀን አልፏል። ያልወጣችው በእርስዎ ፊርማ ስለሆነ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ቤት ላስገባላት ፈቃድ የጠየቅኩበት የኦክስጅን ሲሊንደር ስድስት ሺህ ሊትር ይይዛል ብዬ ባመለክት፣ ባለሙያዎ አንድ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ነው፣ ስድስት ሺህ ኪሎ ደግሞ ወለሉን ያፈርሳል ብለው ከልክለውኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ያንኑ ዓይነት ሲሊንደር ለብየዳ ከባልደረባዬ ጋር ተጋግዘን ስንጭንና ስናወርድ ስድስት ቶን ማንሳታችንን አናውቅም ነበርና፣ ጉልበታችንን ስለገለጡልን እግዜር ይስጥልን።

2ኛ. ባለሙያዎ ለማስረጃ አንድ ሊትር ውሃ ጠረጴዛቸው ላይ መዝነው አሳይተውኛል። ውሃው በእርግጥም ኪሎ ሆነ። እናቴ የምትስበው ግን አየር ነው፣ ውሃ ብትስብማ የምጠይቀው ፈቃድ የመቃብር ይሆን ነበር ብዬ ባስረዳ፣ ሊትር ያው ሊትር ነው አሉኝ። ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

3ኛ. የታዘዘላት በቀን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሊትር ስለሚሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ አንዲት አሮጊት በቀን ሦስት ቶን የሚጠጋ ነገር ለምን እንደምትጨርስ በጽሑፍ እንድታስረዳ ጠይቋል። ይህን ስነግራት እናቴ ስቃ ስቃ ሳሏ ተነሣባት፤ ሲበርድላት በእኔ ትንፋሽ ፎቅ ከሚፈርስማ እዚሁ ልቅር ልጄ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን አለቀስኩ።

4ኛ. ተረኛዋ ነርስ አልጋው ይፈለጋል እያሉ በየጠዋቱ ያሳስቧታል፤ እናቴም ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች። ሆስፒታሉ ውጪ ይላታል፣ እርስዎ አትግቢ ይሏታል፣ እኔ በሁለት መስኮት መካከል እጅ ከወርች ታስሬ እመላለሳለሁ።

5ኛ. ሲሊንደሩን በብረት ነጋዴ ሚዛን አስመዝኜ፣ ሙሉው ሃምሳ ስምንት፣ ባዶው ሃምሳ ኪሎ መሆኑን ማኅተም አስደርጌ ልኬልዎታለሁ። ስድስት ሺህ ሊትሩ ስምንት ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ከነብረቱ እንኳ ከባለቤቴ ይቀላል፤ ይህንን እሷ እንዳትሰማ አደራ።

ከእናቴ ሳንባ ይልቅ ለወለሏ ስለተጨነቁላት ውለታዎን መመለሻ አቅም አጥቼ፣ በትሕትና እጅ እየነሣሁ፣

ደጅዎ ላይ ትንፋሽ ያጠረው በያጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳላበቃ ፈቃድዎ ደረሰኝ። ባለሙያዎ ስምንት ኪሎዬን ተቀብለው፣ በዚያው ሕጋቸው ስምንት ሊትር አድርገውት፣ እናቴ ወደ ሕንፃው ከስምንት ሊትር ያልበለጠ ኦክስጅን ይዛ እንድትገባ ፈቅደዋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ያስመዘንኩት እኔው ነኝ። ሆስፒታሉም ፈቃድ ተገኘ ብሎ አልጋዋን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለሌላ ሰጥቷል። በደቂቃ ሁለት ሊትር ለምትስብ ሴት ስምንት ሊትር አራት ደቂቃ ነው፤ እናቴን አዝዬ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ባለሙያዎ ስሌት ይችላሉና፣ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደምታልቅብኝ አስልተው ያሳውቁኝ።