ጥቁሩ ሻይና የምንጫችን ዝገት

ሰኞ

ጉዴን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ እንዳይወጣ። ትናንት የልጄ አማቾች መጥተው ሻይ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ግን ቀለም ነው፤ የጽሕፈት ቀለም! አማትየዋ አሽትታ "ይሄ የከሚሴ ሻይ ነው?" አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ምንጩ በረርኩ። አፉ በብርቱካንማ ዝልግልግ ነገር ተሸፍኗል፤ ላዩ ላይ ናፍጣ እንደፈሰሰበት ያብረቀርቃል። ከላይ ያለው ደግሞ የጀማል ጋራዥ ነው። ጀሪካን የያዘው ሁሉ እየሰማ "የተቃጠለ ዘይት ደፍተህ ውኃችንን ገደልከው!" ብዬ ጮህኩበት።

"ወላሂ ጠብታ አልደፋሁም! ዘይቱን እኮ እሸጠዋለሁ እትዬ ዘሀራ፤ የሚሸጥ ነገር ማን ይደፋል?"

ማን ሰማው? ከሰዓት ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጀማል እስከ ዓርብ ቦታውን ይልቀቅ አሉ። በኔ አንድ ጩኸት።

ማክሰኞ

የጀማልን ሚስት ፋጡማን "አከም ቡልቴ?" ብዬ ሰላም ብላት ፊቷን አዞረች። ሃያ ዓመት አብረን ጎመን ስንቀነጥስ ኖረን!

መምህርት ሐሊማ ግን ወሬውን ሰምታ ምንጩ ድረስ መጣች። ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው። ዱላ አነሳችና የሚያብረቀርቀውን ወጋችው።

"ዘይት ከሆነ ተመልሶ ይገጥማል። እስቲ እዪው።"

አልገጠመም። እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ቁርጥራጩ ለየብቻው ተንሳፈፈ። ዘይት ካልሆነ ጀማልን ምን አልኩት?

ረቡዕ

የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አጎነበስኩ። ዝልግልጉ የለም፤ ክር ነው ያለው። የተጠማዘዘ ክር፣ ደግሞም ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን ቱቦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጠላለፈ።

ሐሊማ እንዲህ አስረዳችኝ (እንዳልረሳው)። ከምድር ውስጥ የሚመጣው ውኃ አየር ስለሌለው ብረት ሟሙቶበት ይመጣል፤ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። ምንጩ አፍ ላይ አየር ሲያገኝ እነዚህ ባክቴሪያዎች ብረቱን ወደ ዝገት ይለውጡታል፤ የሚኖሩት ከዚያ በሚያገኙት ጉልበት ነው። ዝገቱን በክርና በቱቦ መልክ ከገላቸው ያወጡታል። ቱቦው ሲሞላ ትተውት ይወጡና አዲስ ይሠራሉ። ክር በክር ላይ እያለ ምንጣፍ ይሆናል።

"ታዲያ ለምን ዘንድሮ?"

"ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይገባበት ብለን ምንጩን በድንጋይና በሣር የደፈንነው እኛ ነን። ሣሩ ሲበሰብስ አየሩን ጨረሰው፤ ቀዩ አፈር ብረቱን ለቀቀ። ሻይሽንም ያጠቆረው እሱ ነው፤ ብረት ከሻይ ቅጠል ጋር ሲገናኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል።"

እኛ! እኔም ድንጋይ አቀብዬ ነበር።

ሐሙስ

የመስጊዳችን ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ሰው በዚህ ውኃ ለሶላት መታጠብ፣ ውዱ ማድረግ፣ ፈርቷል፤ እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት አለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ከውጭ የተጨመረበት ነው ወይስ ከገዛ መሬቱ?" አሉ።

"ከገዛ መሬቱ ነው።"

"እንግዲያ ውኃው ንጹሕ ነው፤ ውዱ ይደረግበታል። የጀማል ስምስ እታለም? እሱን በምን ልታጥቢው ነው?"

ለመሄድ ስነሳ ጨመሩልኝ፦

"ሰኞ የጮኽሽበት ቦታ ቁሚ። በዚያው ድምፅ።"

ነገ ዓርብ ነው። የጀማል ቀን የሚያልቀው ነገ ነው።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሰው ምንጩ ላይ ተሰበሰበ። ሐሊማ ዱላዋን ይዛ ለሽማግሌዎቹ አሳየች። ቀጥሎ እኔ። "ጀማልን የወነጀልኩት በሐሰት ነው" አልኩ።

"አልተሰማም!" አለ ጀማል ከኋላ። "ሰኞ እኮ እስከ ጨፋ ሮቢት ነው የተሰማሽው፤ ከፍ አድርጊው እንጂ!"

ሰው ሳቀ። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሽማግሌዎቹ ተያይተው "ጋራዡ ከቦታው አይነሳም" አሉ። አልሐምዱሊላህ፤ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሐሊማ "ሣሩን እናውጣ፤ ውኃው አየር ውስጥ እየተንጠባጠበ በተደራረቡ በርሜሎች ውስጥ ባለ ጠጠርና አሸዋ ይለፍ፤ ብረቱ እዚያው ይቀራል" አለች። ጀማል እጅጌውን ሰበሰበ።

"ዝገት ከሆነማ የኔ ሥራ ነው። በርሜሎቹን እኔ እበሳለሁ።"

"የዘይቱን በርሜል እንዳታመጣ ብቻ!" አለ አንዱ። አይ የኛ ሰው!

እሑድ

ጠጠሩ ብርቱካንማ ሆነ! ሰኞ ዕለት ያስጮኸኝ ቀለም ዛሬ አስፈነደቀኝ። ባክቴሪያዎቹ በላይኛው በርሜል ላይ ስስ ምንጣፋቸውን ዘርግተዋል፤ ከታች የሚወርደው ውኃ ለዓይን ጥርት ያለ ነው። ሐሊማ ግን አትቸኩሉ ትላለች፤ አሸዋው ገና በደንብ አያጣራም፣ ጠጠሩም በየጊዜው ይታጠባል፣ ለመጠጥ ደግሞ ማፍላት አይቀርም።

ፋጡማን በሯ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። "ነገ ጠዋት ከጀማል ጋር ሻይ ጠጡልኝ፣ ከበርሜሉ ውኃ" አልኳት። ዓይኗን ከጎመኑ ሳታነሳ "ኢንሻአላህ" አለች። አለች ግን! ደግሞ ሳልጠየቅ አጠገቧ ተቀምጬ መቀንጠስ ስጀምር አላባረረችኝም።

ጀሪካኑን ሞልቼ አስቀምጫለሁ። ነገ ሻዩ ቀይ ወጣ ጥቁር፣ ፋጡማም መጣች ቀረች፣ ብርጭቆውን ሳላጥብ እዚሁ እጽፈዋለሁ።